የዕቃ ሐሜት

በእኛ ሰፈር የምስጢር ዕድሜ አጭር ነው። ማን ምን እንደገዛ፣ የማን ልጅ ማትሪክ ስንት እንዳመጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኮራረፈ በአቦል ይነሣል፣ በቶና ይብራራል፣ በበረካ ፍርድ ያገኛል። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። የሰፈር ሐሜት አንድ ትልቅ ደግነት አለው፤ ዞሮ ዞሮ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ጠዋት የታማ ሰው፣ ማታ ላይ «ከእኔ ሰማሁ እንዳትል» የሚል አንድ ወዳጅ አያጣም። ከሰማ በኋላ ምርጫው የራሱ ነው፤ ይቆጣል፣ ያስተባብላል፣ ሽማግሌ ይልካል፣ ወይም እርሱም በተራው ሌላውን ያማል። ወሬው ሐሰት ከሆነ የሚያርምበት፣ እውነት ከሆነ የሚያፍርበት ጊዜ ያገኛል።

እኔን ያስቸገረኝ አዲሱ ሐሜተኛ ነው። ዕቃውን ማለቴ ነው። ቴሌቪዥኑ፣ የእጅ ሰዓቱ፣ መኪናው፣ የኪሎ ሚዛኑ፣ ወለል ለወለል እየዞረ የሚጠርገው ክብ ማሽን ሳይቀር ኢንተርኔት ከገባለት ወዲህ ሥራው ሁለት ሆኗል። አንደኛው የተገዛበት ነው። ሁለተኛው ስለ ገዛው ሰው ማውራት ነው። ወሬው ግን ጎረቤት አይሄድም። ካሊፎርኒያ ይሄዳል፣ ሴኡል ይሄዳል፣ ሼንዘን ይሄዳል፤ እዚያ ይከማቻል፣ ይበጠራል፣ አንዳንዴም ይሸጣል። «ከእኔ ሰማሁ እንዳትል» የሚል ወዳጅ ብቻ የለም።

ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ጡረተኛ ጋሼ የኤሌክትሪክ መኪና አላቸው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ከበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ከቻይና የመጡ ናቸው፤ ለቻይና ገበያ የተሠሩት ደግሞ ቋንቋቸውም የዚያው አገር ነው። የጋሼም መኪና ከእነዚህ አንዷ ናት። በሩ ሲከፈት በለስላሳ የሴት ድምፅ አንድ ነገር ትላለች። ጋሼ ጨዋ ሰው ስለሆኑ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ይገባሉ። መንገድ ላይ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ወደ ባለቤታቸው ዞር ይላሉ።

«አሁን ደግሞ ምን ሆነች?»

«ቀበቶህን እሰር ነው መሰለኝ የምትለው።»

«አስሬያለሁ እኮ!»

«እንግዲያው ሌላ ነገር ነው ያስከፋት።»

ከስልክ ጋር የሚያገናኛት አፕ አለ፤ አፑን ለመክፈት ግን የቻይና ስልክ ቁጥር ያስፈልጋል። ቋንቋ እቀይራለሁ የሚል ልጅ ተፈልጎ መጣና ግማሹን ቀየረው። አሁን መኪናዋ በእንግሊዝኛ ሰላም ትላለች፣ በቻይንኛ ትቆጣለች።

እስከዚህ ድረስ ሣቅ ነው። ቁም ነገሩ የመጣው ጋሼ ሊሸጧት ሲነሡ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ትልቁን ዋጋ የሚይዘው ባትሪው ነው። ስንት ጊዜ እንደተሞላ፣ ምን ያህል እንደሞቀ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው አቅም ስንት እጁ እንደቀረው የመኪናዋ ኮምፒውተር ያውቃል። ጋሼ አያውቁም። ደላላውም አያውቅም፤ ነገር ግን ደላላ አላውቅም ሲል ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ጎማውን በጫማው መታ መታ አደረገ፣ በሩን ከፍቶ ዘጋና ድምፁን አዳመጠ፣ ከዚያም ፊቱን አጨማዶ «ባትሪዋ ደክሟታል ጋሼ» አለ። ዋጋውም ከባትሪዋ ጋር አብሮ ደከመ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ለገዢው ሲያስተዋውቃት ደግሞ «ባትሪዋ ገና አልተነካም፤ ዶክተር ነው የነዳት» እያለ ነበር። ጋሼ ጡረታ የወጡት ከመንገድ ሥራ ቅየሳ ነው።

ስለ ዳታ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው ገበና ነው። ጋሼ ይህ ነው የሚባል ገበና የላቸውም፤ ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት ነው። የጎደላቸው ገንዘብ ነው። በራሳቸው መኪና፣ በራሳቸው ጉዞ፣ ራሳቸው በከፈሉት መብራት የተፈጠረ መረጃ እጃቸው ስላልገባ ስለ ንብረታቸው የመናገሩ ሥልጣን ለጎማ መቺው ተላለፈ። ቻይና ውስጥ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና አምራቾች የመኪኖቹን አድራሻና የባትሪያቸውን ሁኔታ መንግሥት ለሚደግፋቸው የክትትል ማዕከላት እንዲልኩ የሚያስገድድ ደንብ አለ። መኪናዋ ባሕር ስትሻገር ይህን ልማዷን ትታ እንደሆነ ጋሼ የሚጠይቁት ሰው የላቸውም። እርሷን እንዳይጠይቁ መልሱ በቻይንኛ ነው።

ዲሲና ቨርጂኒያ ያሉ ዘመዶቻችን ሲደውሉ ከጤናና ከልጆች ቀጥሎ የሚነሣው የመኪና ኢንሹራንስ ነው። ጨመረ ይላሉ፤ ለምን ሲባሉ «እንጃ» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ኒው ዮርክ ታይምስ ያወጣው ዘገባ ከእንጃው አንዱን ክፍል ገለጠው። ሲያትል አካባቢ ሸቭሮሌ ቦልት የሚነዳ አንድ ሰው ኢንሹራንሱ በ21 በመቶ ይጨምርበታል። አደጋ አድርሶ አያውቅም። ሌሎች ኩባንያዎችን ሲያማክር አንዱ ሠራተኛ ሌክሲስኔክሲስ ከተባለው የመረጃ ነጋዴ ዘንድ ያለውን ፋይል ጠይቅ ይለዋል። ፋይሉ መጣ፤ 258 ገጽ። ከዚህ ውስጥ ከ130 በላይ የሚሆነው እርሱና ሚስቱ በስድስት ወር ውስጥ ስላደረጓቸው 640 ጉዞዎች ነው። መቼ እንደተነሡ፣ መቼ እንደደረሱ፣ ምን ያህል እንደሄዱ፣ የት ላይ ከሚለው በስተቀር መቼ መቼ በኃይል ፍሬን እንደረገጡ ሁሉ ተጽፏል። ወሬውን ያቀበለው መኪናውን የሠራው ጄኔራል ሞተርስ ነበር።

አንድ ሰው ስለ እኔ 258 ገጽ ቢጽፍልኝ በመጀመሪያ ደስ የሚለኝ ይመስለኛል፤ የእኛ አገር ሰው ግለ ታሪኩን ለማሳተም ስንት ይደክማል። ችግሩ ጸሐፊው ነው። ፍሬን በኃይል ተረገጠ ይላል እንጂ መንገድ ላይ ዘሎ ስለገባው ሕፃን አይጽፍም። ድንገት ፍጥነት ጨመረ ይላል እንጂ ምጥ የያዛትን ጎረቤት ይዞ እንደነበር አያውቅም። የእኛ ሰፈር ሴቶች ቢሆኑ «እንዲያው ለምን እንደዚያ ሮጠ?» ብለው ቢያንስ ሦስት ምክንያት ያስቀምጡለት ነበር፤ ሁለቱ ሐሰት ቢሆኑም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ጄኔራል ሞተርስ ይህን ዓይነቱን መረጃ ለአምስት ዓመት ለእንዲህ ያሉ መረጃ ነጋዴዎች እንዳያቀብል የሚከለክል እርምጃ አስታውቋል። የሰውየው ኢንሹራንስ ግን በዚህ ምክንያት ቀነሰ ሲባል አልሰማሁም።

ቴሌቪዥንም ከዚህ ወገን ነው። ቪዚዮ የተባለው አምራች በ11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖች ላይ ሰዎች የሚያዩትን በየሰከንዱ ሲመዘግብና ሲሸጥ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2017 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ለአንድ ቴሌቪዥን ሲካፈል 20 ሳንቲም ነው። አንድ ቤተሰብ ሶፋው ላይ የሚያደርገውን ሁሉ በ20 ሳንቲም ማወቅ ከተቻለ ሐሜት ማለት ሰፈራችን ውስጥ ያለ ዋጋው ሲባክን ኖሯል። ሳምሰንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በግላዊነት ደንቡ ውስጥ፣ በድምፅ የሚታዘዘው ቴሌቪዥን ፊት የግል ጉዳይ ከተወራ ንግግሩ ተቀድቶ ለሦስተኛ ወገን ሊተላለፍ እንደሚችል ጽፎ ነበር። ለእውነተኛነቱ አመሰግነዋለሁ። ደንቡን ያነበበ ሰው መኖሩ ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ እኛ «እስማማለሁ» የሚለውን የምንጫነው እንግዳ ሆነን ቡና ሲቀርብልን እንደምንቀበለው ሁሉ እምቢ ማለት ነውር ስለሚመስለን ነው።

የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። እጁ ላይ እርምጃና የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከስልኩ ጋር የሚነጋገር ሚዛን አለው። ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሚዛኑ «በርታ፣ ወደ ግብህ እየተጠጋህ ነው» ይለዋል። በሕማማት ሰሞን ስግደት ላይ እያለ ሰዓቱ ተንቀጠቀጠና ዛሬ የሠራው ስፖርት ከወትሮው የላቀ መሆኑን አበሠረው። የፋሲካ ማግስት ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ግን ቁጥሩን ብቻ አሳይቶ ዝም አለ። እንግዲህ ይህ ልጅ መሐል ላይ ጾሙን ቢገድፍ ከንስሐ አባቱ ቀድሞ የሚጠረጥር ኩባንያ አለ ማለት ነው። የንስሐ አባት ቢያንስ ምስጢር ይጠብቃል፤ የሚሰጠውም ቀኖና ይታወቃል። በማግስቱ ስልኩ ላይ የማቅጠኛ ሻይ ማስታወቂያ ቢመጣ ማን ነገራቸው ብሎ የሚሄድበት ደጅ የት ነው? ለነገሩ ወታደሮችም አልዳኑም። ስትራቫ የተባለው የሯጮች አፕ ተጠቃሚዎቹ የሮጡበትን ሁሉ በዓለም ካርታ ላይ አብርቶ ሲያወጣው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ሰዎች ልብ ብለው ቢያዩ ጨለማ በሆነው የሶሪያና የአፍጋኒስታን ምድር ላይ የጦር ሰፈሮች ቅርጽ ቦግ ብሎ ታየ። ወታደሮቹ ጠዋት ጠዋት ይሮጡ ነበርና።

ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን የሁጎ ካምፖስ ነገር ነው። የካሊፎርኒያ ሰው ነው። ልቡ ምት ስትስት በኤሌክትሪክ የምታስተካክል ዲፊብሪሌተር የምትባል መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 ደረቱ ውስጥ ተተከለችለት። መሣሪያዋ የልቡን ነገር ትመዘግባለች። አልጋው አጠገብ ያለ ማስተላለፊያ መዝገቡን ወደ አምራቹ ይልካል፣ ከአምራቹ ወደ ሐኪሙ ይሄዳል። ካምፖስ ጋ አይመጣም። ልቧ የእርሱ ናት፤ ደረቱም የእርሱ ነው፤ መረጃው ግን እርሱን ዘልሎ ያልፋል። ምን ሲያደርግ ልቡ እንደምትስት ራሱ ማወቅ ፈለገ፣ ጠየቀ፣ ወደ ሐኪምህ ሂድ ተባለ። ሰውየው ተስፋ አልቆረጠም፤ ስለ መሣሪያዎቹ ኮርስ ሄዶ ተማረ፣ በየመድረኩ እየቆመ የልቤን ዳታ ስጡኝ አለ።

ነገሩ የደረሰበትን ቦታ ያየ ሰው አይሥቅም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከቅጂ መብት ሕጉ ልዩ ፈቃድ ሰጠ፤ ሕመምተኞች በሰውነታቸው ውስጥ ከተተከለ መሣሪያ የሚወጣውን የራሳቸውን መረጃ ለማየት ቁልፉን ቢያልፉ በሕግ እንዳይጠየቁ። የልብ ምት እንደ ዘፈን ካሴት ማለት ነው። ያለ ፈቃድ ያባዛ ይቀጣል፤ ካምፖስና መሰሎቹ የራሳቸውን ልብ ለማድመጥ ልዩ ፈቃድ አስፈለጋቸው። ፈቃዱም ቢሆን ራስህ ከቻልክ ክፈተው ይላል እንጂ አምራቹን ስጠው ብሎ አያስገድደውም።

ስጠው ብለው ያዘዙት አውሮፓውያን ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ሕግ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 2025 ነው፤ በእኛ መስከረም 2 ቀን 2018፣ የእንቁጣጣሽ ማግስት፣ ግማሹ አገር ገና የዶሮ ወጥ እያሞቀ ሳለ። ሕጉ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ዕቃ የገዛ ወይም የተከራየ ሰው፣ ዕቃው በአጠቃቀሙ የፈጠረውን መረጃ ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አለው ይላል። ሰውየው ካሻው መረጃውን ለሰፈሩ መካኒክ ስጡልኝ ብሎ ማዘዝ ይችላል። ከመስከረም 2019 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበያ የሚወጣ ዕቃ ደግሞ አግባብ በሆነበት ሁሉ ባለቤቱ በቀጥታ እንዲያየው ሆኖ መሠራት አለበት። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪም እዚያው አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2027 ጀምሮ ማንነቱን የሚናገር ዲጂታል ፓስፖርት ይኖረዋል። ፓስፖርት ለማውጣት የተሰለፈ ሰው ይህን ሲሰማ የሚሰማውን እኔ አልናገርም።

ሕጉን ስወድደው ቀዳዳውንም አይቻለሁ። መሣሪያው የለካውን ጥሬ መረጃ ይሰጣል፤ ኩባንያው ከዚያ ተነሥቶ የደረሰበትን መደምደሚያ ግን የመስጠት ግዴታ የለበትም። ያዩትን ይነግሩሃል፣ የፈረዱብህን አይነግሩህም። የንግድ ምስጢር ነው ብሎ በር የሚገፋም አይጠፋም። ያም ሆኖ ምንም ካለመስማት ግማሹን መስማት ይሻላል፤ ግማሹን የሰማ ሰው ቀሪውን ይገምታል፣ በዚህ ደግሞ ሰፈራችንን የሚያህል የለም።

እኛም አገር ሕግ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ እንዲጠይቅ፣ እንዲያርም፣ እንዲያስጠፋ መብት ሰጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ጥሩ ሕግ ነው እላለሁ። ጋሼ ግን ስለ ባትሪያቸው ደብዳቤ ቢጽፉ ለማን ያደርሳሉ? የባትሪ ሙቀት የግል መረጃ ነው አይደለም የሚለውን ጠበቆች ይከራከሩበት። ፋብሪካው መኪናዋን የሸጠው ለቻይና ገበያ ነው፤ ጋሼ የሚባል ደንበኛ መዝገቡ ላይ የለውም። ያስመጣው ነጋዴ ደግሞ ያስረከባቸው ቁልፍ፣ የወለል ምንጣፍና ምርቃት ነው። እኔ ብሆን የማስመጣት ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ነገር አስገድድ ነበር፤ መኪናው ስለ ባትሪው የሚያውቀውን ባለቤቱ በሚያነበው ቋንቋ ይንገር፣ አለዚያ ወደብ ላይ ይቁም። ከዚያ ደላላው ጎማ መምታቱን ይቀጥላል፤ ግን ለስፖርት ይሆናል።

ይህን ሁሉ ብዬ «ተጠቃሚው ይወስን» ስል አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ተጠቃሚው ማን ነው? የዚያ የሲያትል ሰው ፋይል ውስጥ የሚስቱም ጉዞ አለ፤ እርሷ ፋይሌን ለባሌ አሳዩት ብላ መፈረሟን እንጃ። በገልፍ አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ሳሎኑም ወጥ ቤቱም ካሜራ አለው ይላሉ። ካሜራው የማዳም ነው፣ አፑ ያለው ማዳም ስልክ ላይ ነው፣ ተጠቃሚ የሚባለው እርሷ ናት። የሚቀረጸው ግን የልጅቷ ቀን ነው። ደመወዝ ቢከለከል፣ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ቆማ መዋሏን የሚመሰክረው ቅጂ የከለከለቻት ሴት እጅ ላይ ነው። የዕቃ ባለቤትና የመረጃ ባለቤት አንድ ሰው ነው ብሎ የሚነሣ ሕግ ሁሉ እዚህ ወጥ ቤት በር ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል።

ቤት ውስጥ ያለውን ጉዳይ ደግሞ አክስቴ በራሷ መንገድ ይዛዋለች። ያ ሜሪላንድ ያለው ልጇ፣ ሰዓቱና ሚዛኑ የሚያሙት፣ ባለፈው ሲመጣ ግቢዋ ውስጥ ካሜራ ሰቅሎላት ሄደ። ለደኅንነትሽ ነው አላት። ሌባ እስከ ዛሬ አልመጣም፤ ስልክ ግን በየቀኑ ይመጣል። «እማዬ፣ በሩ ለምን ተከፍቶ ዋለ?» «እማዬ፣ ያ ሰውዬ ማነው?» «እማዬ፣ ሻርፕ ሳትለብሺ ብርድ ላይ ለምን ተቀመጥሽ?» መጀመሪያ ሰሞን አክስቴ ለካሜራው ስትል ጠዋት ጠዋት የክት ቀሚሷን ትለብስ ነበር። እየቆየ ሰለቻት። አሁን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ካሜራው ክፍት ነው፤ ቤት ይጠብቃል። ጠጉሯን ልትታጠብ ወይም ፀሐይ ላይ እግሯን ዘርግታ ልትቀመጥ ስትፈልግ ግን በመጥረጊያ እንጨት አንድ አሮጌ ነጠላ አንሥታ ታለብሰዋለች። ማንንም አታስፈቅድም፣ አዋጅም አልጠቀሰች።

ስልኩ ይጮኻል።

«እማዬ፣ ካሜራው ምን ሆኖ ነው? ነጭ ብቻ ነው የሚያሳየኝ።»

«እንጃ የኔ ጌታ፤ ጉም ይሆናል።»

«በዚህ በበጋ?»

«እናንተ አገር በጋ የለም እንዴ?»

«እማዬ…»

«ይልቅ አንተ፣ ያ ሰዓትህ ሌሊት እንዳልተኛህ አይነግርህም? ድምፅህ ደክሟል። ቁርስ በልተሃል?»